በስልክ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ለወንድሜ ይበቃዋልን?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ወደ ቤት ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ አባታችንን በእርሻ እያገዘና በግ እየጠበቀ ደኅና ሰንብቶ ነበር። ከሰኔ መግቢያ ወዲህ ግን ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ከመደቡ አይነሣም፤ ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «እኔ ባልኖር ምን ይጎድላችኋል?» አለን። አዲስ አበባ የምትኖረው የአክስታችን ልጅ፣ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በኢንተርኔትና በስልክ ማማከር መጀመራቸውን ነግራኛለች። እናታችን በበኩሏ ፍልሰታ ሲገባ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልውሰደው ትላለች። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። ሳይተያዩ የሚሰጥ ሕክምና እውነት ሕክምና ነውን? እናቴንስ ምን ልበላት?
እኅቱ

መልስ፦ እኅታችን፣ ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ ስላልነበረ ይህ ዓምድ እስኪታተም ሳልጠብቅ ዋናውን ነገር በስልክ ነግሬዎታለሁ። እዚህ ደግሜ የምጽፈው በተመሳሳይ ጭንቀት ላይ ላሉ ሌሎች ቤተሰቦችም ይደርስ ዘንድ ነው።

እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ስልኩ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ወንድምዎ የተናገራት አንዲት ቃል ናት። «እኔ ባልኖር ምን ይጎድላችኋል?» የሚል ሰው ምናልባት ምርር ብሎት ብቻ ተናግሮት ይሆናል፤ ምናልባትም ከዚያ የጠለቀ ነገር በልቡ ይዞ ይሆናል። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ነው። ሰው በሌለበት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጠው፣ ሳይቆጡና ሳያለቅሱ፣ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ ያመጣል ብሎ ይፈራል፤ እውነቱ ግን እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሐሳቡን እንደማይተክል፣ ይልቁንም ብቻውን ተሸክሞት ለነበረው ሰው ፋታ እንደሚሰጠው ነው። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ቤት ውስጥ ያለውን የተባይ ማጥፊያና ማንኛውንም መድኃኒት ቆልፈው ያስቀምጡ፤ በዚያው ቀንም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። የለም ቢልም እንኳ የመጀመሪያው ምርመራ ፊት ለፊት ይሁን እላለሁ። የአእምሮ ሕመም የሚታከመው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም ከብዙዎቻችን አልወጣም፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውንና ጠቅላላ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ የሚያሠለጥነውን መርሐ ግብር ኢትዮጵያም ተቀብላ ስለምትሠራበት፣ ከአቅራቢያችሁ ጀምራችሁ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ብርሃን በሪፈር መሄድ ትችላላችሁ።

የገለጹልኝ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የመነሣት አቅም ማነስና የተስፋ መቁረጥ ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲዘልቅ ባለሙያዎች ድባቴ (ዲፕሬሽን) የተባለውን የአእምሮ ሕመም ይጠረጥራሉ። ስንፍና አይደለም፤ «የተማረ ሰው በግ መጠበቅ ከብዶት ነው» የሚል ጎረቤት ቢኖር አይስሙት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አዎን፣ ሕክምና ነው። የንግግር ሕክምና መሣሪያው ቃል ስለሆነ፣ ቃሉ በስልክ መስመር ቢመጣ ኃይሉ አይጠፋም። በአሜሪካ፣ በቺካጎ አካባቢ፣ ድባቴ ባለባቸው 325 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግማሾቹን በስልክ፣ ግማሾቹን ፊት ለፊት አክሞ፣ ሕክምናው ሲያበቃ የሁለቱም ወገን መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፤ እንዲያውም ሕክምናውን ያቋረጡት በስልክ ከታከሙት ወገን ያነሱ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ፊት ለፊት የታከሙት መጠነኛ ብልጫ አሳይተዋል፤ ስለዚህ በተቻለ ጊዜ በአካል መገናኘቱን አትተዉት።

ጥናቱ የተደረገው በተራ ስልክ እንጂ በቪዲዮ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። እኔም ለእናንተ የምመክረው ተራውን ስልክ ነው። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ምስሉ ሲቆራረጥም በሽተኛው ነገሩን ከመሐል ጀምሮ መድገም ይኖርበታል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ ደግሞ ተራው ስልክ ባይኖር ታካሚዎቼን በምን እንደማገኛቸው እንጃ። ያም ቢሆን መስመር ይቋረጣል። አንዲት ሴት የልጅዋን ሞት እየነገረችኝ ሳለ ስልኳ ጠፍቶ፣ እስከ ማግስቱ ድረስ ላገኛት ባለመቻሌ እንቅልፍ አጥቼ አድሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ሳልጀምር በፊት የሁለተኛ ሰው ስልክ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የወንድምዎም አማካሪ ይህን ካልጠየቀ እርስዎ ይስጡት። የባለሙያውን የሥራ ፈቃድና የትምህርት ደረጃ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ በቴሌግራም «አማካሪ ነኝ» የሚለው ሁሉ አማካሪ አይደለምና።

ከኔትወርኩ ይልቅ የሚያስቸግረው የሁለት ክፍል ቤት ነው። እናት በግድግዳው ማዶ የበግ ፀጉር እየፈተለች፣ አባት ከበራፉ ተቀምጦ፣ አንድ ወጣት ስለ ሞት ሐሳቡ አይናገርም፤ ቢናገርም በግማሽ ልብ ነው። ጥሩው ነገር ወንድምዎ በግ ጠባቂ መሆኑ ነው። ኔትወርክ የሚይዝበትን ጉብታ አስቀድሞ ይለይ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ በቁርጥ ሰዓት፣ በጎቹን ይዞ ወደዚያ ይውጣ። በክረምት ጉሙና ዝናቡ ስለሚከለክለው ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ካልሆነም ለአንድ ሰዓት ያህል ቤቱን ለቃችሁለት ጎረቤት ዘንድ ቡና ጠጡ። እርስዎም አጠገቡ አይቀመጡ፤ ሲጨርስም «ምን አልከው?» አይበሉት።

እናትዎን ጠበል አይረዳም አይበሏቸው። ጸሎታቸውና አብሮነታቸው ለልጃቸው ትልቅ ድጋፍ ነው፤ ይህን መንጠቅ ለሕክምናውም አይበጅም። ሁለት ነገር ብቻ ይለምኗቸው። አንደኛው፣ ሕዝብ ወደሚታጎርበት ቦታ ሳይሄዱ ጠበሉን በዕቃ አስመጥተው ቤት ውስጥ እንዲያጠምቁት ነው፤ ይህን በጻፍሁበት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ወረርሽኙ ገና አልበረደም፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም አልተነሣም ነበርና። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ካዘዘለት፣ ክኒኑ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚወስድና በድንገት ሲቋረጥ ስለሚጎዳ፣ «ጠበልና መድኃኒት አይስማሙም» በሚል እንዳያስተዉት። ከነፍስ አባታቸው ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩበት መልካም ነው፤ መድኃኒቱን በጠበል ዋጠው የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። በፍልሰታም የሚዋጥበትን ሰዓት ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ከሐኪሙም ከነፍስ አባቱም ጠይቆ ይረዳ።