ጠማማ የገባ መንጠቆ፦ የባሕር አጥማጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ለስላሳው የፕላስቲክ ማባበያ ናቸው፤ ያ እንደ ጎማ እየተጣጠፈ ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የሚመስለው። ጠያቂዎቼ ጥፋቱን በቀለሙ፣ በውሃው፣ አንዳንዴም በዓሣው ላይ ያላክካሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መንጠቆው በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጭራው ሰፋ ያለውን ማባበያ ጂግ ላይ ሰክቼ ስጎትተው እንደ እንዝርት ይሾራል። የማጥመጃ ክሩም ተጠማዝዞ ይተበተባል። ማባበያው ብልሹ ይሆን?

መልስ፦ ማባበያው ጤነኛ ነው፤ አጣመው ሰክተውት ነው። ጂግ፣ ማለትም ራሱ ላይ ክብደት የሚሆን የእርሳስ ብረት ያለበት መንጠቆ፣ ከመሰካቱ በፊት መለካት አለበት። መንጠቆውን ከማባበያው ጎን ያጋድሙትና የእርሳሱን ጀርባ ከማባበያው አፍንጫ ጋር ያስተካክሉ። ቆልማማው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ጫፉን በአፍንጫው መሃል ለመሃል አስገብተው ማባበያውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይሳቡትና ጫፉን ምልክቱ ላይ፣ በጀርባው እኩሌታ ያውጡት። ከሻጋታ የቀረ ስስ መስመር ጀርባው ላይ ካለ እሱን ይከተሉ።

ስህተቱ ራሱ ይናገራል። ማባበያው ተሰብስቦ ከጎበጠ ጫፉ ወደ ጭራ ርቆ ወጥቷል፤ ከእርሳሱ ጋር ሳይገጥም ክፍተት ከቀረ ደግሞ ቀድሞ ወጥቷል። ደጋግሞ መብሳት ፕላስቲኩን ያላላዋልና ልኬቱ ላይ አይቸኩሉ። ከመወርወርዎ በፊት እግርዎ ሥር ባለው ውሃ ሁለት ክንድ ያህል ይጎትቱት፤ እዚያ ከሾረ ሩቅ ሄዶ አይስተካከልም። አስቀድሞ የተጠማዘዘውን ክር ጫፉ ላይ ምንም ሳያስሩ ከምትሄድ ጀልባ ኋላ ይልቀቁት፤ ራሱን ይፈታል።

ጥያቄ፦ የምወረውረው የባሕር ሣር በበዛበት ጥልቀት የለሽ ውሃ ነው። በየውርወራው ሣር ነው የማወጣው።

መልስ፦ ጫፉ የተጋለጠ መንጠቆ ሣር ውስጥ ማጭድ ነው። ክሩ ከሚታሰርበት ዐይን ሥር ደረጃ መሰል እጥፋት ያለው፣ አፉ የሰፋ መንጠቆ ያስፈልግዎታል። ጫፉን በአፍንጫው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተው በአገጩ በኩል ያውጡ፤ እጥፋቱ አፍንጫው ውስጥ እስኪደበቅ ይሳቡ፤ መንጠቆውን ያዙሩትና ጫፉን ከሆድ ወደ ጀርባ ያሳልፉ። በመጨረሻ ጫፉን የፕላስቲኩ ገጽ ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ይሸሽጉት። ጥልቅ ከገባ ዓሣውንም አይወጋም።

ዘዴው የቴክሳስ አሰካክ ይባላል፤ የባሕር ሰዎች ከሐይቅ አጥማጆች የተዋሱት ነው። ለስላሳው ማባበያ ራሱ ከዚያው ሠፈር የመጣ ነው፤ ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ በቤቱ ወጥ ቤት የሠራው የፕላስቲክ ትል ነበር።

አንድ ልማድ ግን መቀየር ይኖርብዎታል። በዚህ አሰካክ ንክሻ እንደተሰማዎት ዘንጉን ብድግ አያድርጉ። ዓሣው ፕላስቲኩን ጨምቆ ጫፉ እስኪጋለጥ ጊዜ ይፈልጋል። ክሩን እየጠቀለሉ ክብደቱ ሲመጣ ያን ጊዜ በኃይል ይሳቡ። ይህን ለመልመድ እኔ ስንት ዓሣ እንዳስመለጥኩ አልነግርዎትም።

ጥያቄ፦ እርሳሱ ስንት ግራም ይሁን?

መልስ፦ መሬት መንካቱን በዘንግዎ ሊያሳውቅዎ የሚችለው ከሁሉ ቀላሉ። እኔ ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ውሃ ከ3.5 እስከ 7 ግራም፣ ፍሰቱ ሲጠነክርና ሲጠልቅ ከ10 እስከ 14 ግራም እይዛለሁ። ንፋስ ሲነሳ ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የተለያዩ ማባበያዎችን አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ስመለስ ቀልጠው ተጣብቀው አገኘኋቸው። ሙቀት ነው?

መልስ፦ ሙቀት ያፋጥነዋል እንጂ ጥፋተኛው ጉርብትናው ነው። አብዛኞቹ ማባበያዎች ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክና ከማለስለሻ ዘይት የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ እጅግ ከሚለጠጥ፣ ከማይበጠስ ሌላ ላስቲክ ይሠራሉ። ሁለቱ ሲነካኩ ማለስለሻው አንዱን ለቆ ሌላው ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይሟሟሉ። እኔም አንድ ሙሉ ሳጥን ወደ ሙጫ ሲለወጥ አይቻለሁ። ሁሉንም በመጣበት ከረጢት ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ያዋሰኝን መንጠቆዎች ከባሕር መልስ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኳቸው። በሳምንቱ ያልተጠቀምኩባቸውም ጭምር ዝገው ጠበቁኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እውነቱን ንገሪው፣ ልጄ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ አንድ እርጥብ መንጠቆ የተዘጋውን ሳጥን በሙሉ ያዝጋል። የነከርሻቸውን ጨው በሌለበት ውሃ አለቅልቂና በደንብ ሳይደርቁ ከደረቁት ጋር አትቀላቅዪ። ገጹ ላይ ብቻ የዛጉት ተጠርገው ያገለግላሉ፤ ጫፋቸው የተበላው ግን ይወገዱ።

ጥያቄ፦ የተጎነጎነውን ክር በቀጥታ ማባበያው ላይ ባስር ምን አለበት?

መልስ፦ ይታያል፤ ድንጋይ ሲነካም ቶሎ ይበጠሳል። ጫፉ ላይ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፍሎሮካርቦን ክር ይቀጥሉ። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከናይሎን ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ ለዓሣ ዐይን ይሰወራል። ጂጉን ሲያስሩ ቋጠሮውን ከዐይኑ ጋር አያጥብቁት፤ ትንሽ ቀለበት ይተዉለትና እንደልቡ ይወዛወዝ።

ጥያቄ፦ ጭራው ተቆርጦ ይመጣል፣ ዓሣ ግን የለም።

መልስ፦ ኋላውን ብቻ የሚቆነጥሩ ትናንሽ ዓሦች መሃል ነዎት። ቦታ ይቀይሩ፣ ወይም አጠር ያለ ማባበያ ይሞክሩ፤ ያኔ መንጠቆው ወደ ጭራው ይቀርባል። ክሩም አብሮ በስለት እንደተቆረጠ ከሆነ ግን ባራኩዳን የመሰለ ጥርሳም መጥቷልና አጭር የብረት ሽቦ ይጨምሩበት። ጉማጁን ወደ ባሕር አይጣሉት፤ ዓሣ ከዋጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ኪስዎ ይበቃዋል።