ስልኬ በቀን 2,600 ካሎሪ ታቃጥያለሽ ይለኛል፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ አሁን 68 ኪሎ ነው። ጅማ ውስጥ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ የጅሬንን ዳገት እወጣለሁ። ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያ በቀን 2,600 ካሎሪ እንደማቃጥል ይነግረኛል። በዚያው ልክ እየመዘገብኩ ብበላም በሁለት ወር 4 ኪሎ ጨመርኩ። ስህተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰውነትዎ ያለ ምንም ሥራ፣ ተኝተው ቢውሉ እንኳ የሚያቃጥለውን እናስላ። ለሴት ቀመሩ ይህ ነው፦ ክብደት በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ በ5፣ ሲቀነስ 161። (ለወንድ 161 አይቀነስም፤ 5 ይደመራል።) የእርስዎ 680 ሲደመር 1,012 ሲቀነስ 170 ሲቀነስ 161፣ ማለትም 1,361 ይሆናል።

ይህ በእንቅስቃሴ መጠን ይባዛል፦ ተቀምጦ ለሚውል በ1.2፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ላለው በ1.375፣ መካከለኛ ለሆነው በ1.55። የእርስዎ 1.375 ነው፤ ውጤቱ 1,870 ገደማ። አሁን 2,600ን ለ1,361 ያካፍሉት፤ 1.9 ይመጣል። 1.9 ቀኑን ሙሉ የቡና ጆንያ ሲሸከም ለሚውል ሰው የሚሰጥ ቁጥር ነው! መተግበሪያውን ሲከፍቱ «በጣም ንቁ» የሚለውን መርጠው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የእግር ጉዞዎ በማባዣው ውስጥ አንዴ ከተቆጠረ በኋላ እንደገና ተደምሯል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

የትውልድ ዓመትዎን በእኛ አቆጣጠር አስገብተው ከሆነም ያስተካክሉ። መተግበሪያው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጅዎታል፤ ሆኖም ይህ ከ35 እስከ 40 ካሎሪ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ዳገቱስ? ሜዳ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ክብደትዎን በ0.5 ያባዙ፤ 34 ካሎሪ ነው። ወደ ላይ ለሚወጡት 100 ሜትር ከፍታ ደግሞ 60 ገደማ ይጨምሩ። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ሄደው 150 ሜትር ቢወጡ 230 አካባቢ ይሆናል። በሳምንት ሦስቴ ከሆነ ለቀን ሲከፋፈል 100 አይሞላም። መውጣቱን ግን አይተዉት፤ ለልብና ለእግር ጡንቻ የሚሰጠው ጥቅም በካሎሪ አይለካም።

ከቀመር ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን እጅዎ ላይ አለ። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው። 4 ኪሎ 30,800፤ ለ60 ቀን ሲካፈል 513። ከበሉት 2,600 ላይ ሲቀነስ 2,087 ይቀራል። ምዝገባዎ ትክክል ከነበረ በቀን የሚያቃጥሉት ይህን ያህል ነው።

ምዝገባው ነው አስቸጋሪው። ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል ጎረሰ? ለሁለት ሳምንት እንጀራዎንና ወጥዎን ለብቻ አስቀርበው በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። ዘይቱን በማንኪያ ከመገመት ይልቅ ጠርሙሱን ይከታተሉ፦ አንድ ሊትር 8,200 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አራት ሰው በሳምንት ከጨረሰው ለእያንዳንዱ በቀን 290 ይደርሰዋል። አንዳንዱ ቤት ሽሮው ላይ የሚፈሰው ብቻ ይህን ያህል ነው። በቡና የሚጠጡትን ስኳር አይርሱ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 16 ካሎሪ ነው።

ክብደትዎን ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይለኩ፤ የአንዱን ሳምንት አማካይ ከሌላው ሳምንት አማካይ ጋር ያወዳድሩ። የወር አበባ ሲቃረብ ውሃ ስለሚያዝ አራት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። በጾም ወይም በረመዳን የተለካውን ከሌላው ጊዜ ጋር አይቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ ሲያልበኝ ብዙ ካሎሪ ተቃጠለ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ላብ እንዲበዛ ላስቲክ ለብሰው አይሩጡ፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራስ ሊያስት ይችላል።