ካፓሲተሩን ከመቀየርህ በፊት የትዊተሩን ገመድ ገልብጥ

ወንድሜ፣ ራስህ ስለሠራኸው የስፒከር ሳጥን፣ ትዊተሩ ጆሮ እየበሳ ዘፋኙን ወደ ኋላ ስለሚያስቀረው፣ የጠየቅከው ጥያቄ የራሴን የመጀመሪያ ሳጥን አስታወሰኝ። 8 ኦም ዉፈር (ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር)፣ 8 ኦም ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው ትንሹ)፣ በካልኩሌተር የተሰላ የ2500 ኸርዝ ክሮስኦቨር፣ ማለትም ድምጹን 2500 ላይ ለሁለቱ የሚያካፍለው። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ትዊተሩ ጆሮ ይበሳል፣ ዘፋኙ ደግሞ ጓዳ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። «ካፓሲተሩን (ወፍራሙን ድምጽ ከትዊተሩ የሚያግደውን) በውድ ልቀይረው ወይ?» ላልከው፣ አትቀይር። ገንዘብህን ያዝ።

ጣጣው ከካልኩሌተሩ ይጀምራል። እሱ ስፒከርህን የሚያየው እንደ 8 ኦም ሬዚስተር፣ ኦሙ እንደማይለወጥ ዕቃ ነው። ስፒከር ግን 8 ኦም የሚሆነው ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። የኔን ዉፈር ስለካው 2500 ኸርዝ ላይ 15 ኦም ደርሶ አገኘሁት። ውስጡ ያለው ጥቅልል ራሱ ኢንዳክተር (ቀጭኑን ድምጽ የሚያግድ የሽቦ ጥቅልል) ስለሆነ፣ ድምጹ በቀጠነ ቁጥር ኦሙ ይጨምራል። ስለዚህ ካልኩሌተሩ ያዘዘልኝ 0.5 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተር ዉፈሩን በቦታው አላስቆመውም። አልፎ የትዊተሩ ሰፈር ገባ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲጯጯሁ ማነው ጆሮው የማይታመም?

የሳጥኑ ፊትም አለ። ቀጭኑ ድምጽ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ግን ሳጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ያመልጣል። ፊቱ 23 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው 500 ኸርዝ አካባቢ ድምጹ 3 ዴሲቤል (የድምጽ ከፍታ መለኪያ) ያህል ይጎድላል፣ ከዚያ በታች ጉድለቱ ወደ 6 ይጠጋል። ዘፋኝህን ጓዳ ያስገባው ይሄ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ለዉፈሩ ተለቅ ያለ ኢንዳክተር፣ ለትዊተሩ ድምጹን ዝቅ የሚያደርግ ሬዚስተር ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነጻ ሙከራ አለ። አምፕሊፋየሩን አጥፋና የትዊተሩን ሁለት ገመዶች ገልብጥ። ያንኑ ዘፈን ድገመው። 2500 አካባቢ ድምጹ ጎድጎድ ካለ የመጀመሪያው አገጣጠም ትክክል ነበር፣ ወደ ቦታው መልሰው። ዘፋኙ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ እንደተገለበጠ ተወው። «ፕላስ ከፕላስ» የሚባለው ሕግ እዚህ አይሠራም።

ማይክሮፎን ካለህማ ግማሹ ሥራ አለቀ። ድምጽ መለኪያው ሩም ኢኪው ዊዛርድም፣ ክሮስኦቨር መንደፊያው ቪቱክስካድም የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፣ በነጻ ይወርዳሉ። ሁለቱን ስፒከሮች ሳጥኑ ውስጥ እንዳሉ ለካቸው፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ በትዊተሩ ከፍታ። ትዊተሩን ለብቻው ስትለካ ካፓሲተር ሳታስገባ እንዳትሞክር፣ ለመቃጠል አንድ ስህተት ይበቃዋል። በመሃል ደግሞ ማይኩን እንዳትነካው! እኔ ዉፈሩን ለክቼ፣ ማይኩ ስላልተመቸኝ 3 ሳንቲሜትር ሳብ አደረግኩትና ትዊተሩን ለካሁ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነበር። ሠርቼ ስሰማው 2500 አካባቢ ድምጹ ትልቅ ጉድጓድ ነበረው። 2500 ኸርዝ ላይ አንድ ሞገድ 14 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ የኔ 3 ሳንቲሜትር የሞገዱ ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ የሁለቱ ልኬቶች አሰላለፍ ተዛባ። ሁለት ሳምንት ጥፋቱን ከኢንዳክተሮቹ ስፈልግ ከረምኩ። (ኢንዳክተሮቹን በነገራችን ላይ አራርቃቸው፣ አንዱን አስተኛ፣ ሌላውን አቁም። ጎን ለጎን ከሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል።)

የመጨረሻው ማስተካከያ ትዕግስት ይጠይቃል። ከትዊተሩ ካፓሲተር በፊት 1 ኦም ሬዚስተር ብታስገባ ትዊተሩ 1 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን «ሰ» እና «ሸ» ላይ በደንብ ይሰማል። እኔ አንድ ማታ 3.3 ኦም አስገብቼ «በቃ፣ ተገኘ» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ስፒከሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ነበር የሚመስለው። አሁን 1.5 ላይ ነው ያለው። ማታ በደከመ ጆሮ አትወስን።

ገመዱን ገልብጠህ የሆነውን ጻፍልን። የሳጥኑን ፊት ስፋትም አብረህ ንገረን፣ ኢንዳክተሩን አብረን እናሰላዋለን።