«በመደገፍ» ያልኩት ቃል

ባለፈው ሳምንት አንዲት የታሪክ ተማሪ ደወለችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ በ1966ቱ አብዮት ላይ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የየካቲቱን እንቅስቃሴ በትክክል የጀመረው ማነው?» አለችኝ። ገና ሳልመልስላት ከአንድ የድሮ መጽሔት ያገኘችውን አነበበችልኝ። «የታክሲ ነጂዎችም የተማሪውን ትግል በመደገፍ ሥራ አቆሙ» ይላል። «ይሄ ይታመናል?» ስትለኝ ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» ትላለች።

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እንደ እሷ ለምትጠይቁም ወጣቶች። ቀን አመሳክሩ፣ ምንጭ አጣሩ እያልኩ አላሰለቻችሁም። እሱን መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋል። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተጻፈች ግን ልንገራችሁ።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ 20 ዓመት ሊሞላው ነው። የግል ፕሬስ ገና መተንፈሱ ስለነበር ሁሉም የሆዱን ይጽፋል። እኔ አንድ መጽሔት ላይ ሪፖርተር ነበርኩ። ስለ የካቲት ሰፋ ያለ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲነገረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ምክንያቱም በ1966 የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰልፍ ወጥቻለሁ። ፖሊስ ሲያባርረን አንድ እግር ጫማዬ አስፋልት ላይ ቀርቷል። አባቴ ያንን ጫማ በዱቤ ነበር የገዛልኝ። ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ መንግሥት ተቀየረ። አባቴ ስለዚያ ጫማ አንድም ቀን አላነሣብኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ለጽሑፉ ሦስት የቀድሞ የተማሪ መሪዎችን አነጋገርኩ። ሦስቱም ንግግር አዋቂ ናቸው። ሦስቱም ታሪኩን ከሩቅ ነው የሚያነሡት። በታኅሣሥ 1953 ተማሪው የነመንግሥቱ ንዋይን መፈንቅለ መንግሥት ደግፎ አደባባይ መውጣቱን ይነግሩኛል። ከዚያ የካቲት 1957 ይመጣል፤ «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ወደ ፓርላማ የተተመበት። ከዚያ ታኅሣሥ 1962፣ የተማሪዎቹ መሪ የጥላሁን ግዛው መገደል፣ በማግሥቱም አስከሬኑን ለመንጠቅ የመጣው ጦር ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያፈሰሰው ደም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እርስ በርስ ግን አይስማሙም። አንዱ ኢሕአፓ ነበር፣ አንዱ መኢሶን፤ ሁለቱም ከተማሪው ንቅናቄ የወጡ፣ ኋላ የተጣሉ የግራ ፓርቲዎች ናቸው። መፈክሩን ማን አመነጨው፣ «አዞዎች» የሚባለው የግራ ተማሪዎች የኅቡዕ ቡድን ውስጥ እነማን ነበሩ በሚለው ላይ አንዱ የሌላውን ስም እየሰረዘ ነበር የሚያወራኝ። አንድ ነገር ላይ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ያለ ተማሪው 66 አይታሰብም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንደኛው ጋር ቢሮዬ ተቀምጠን ካሴት እየቀዳሁ ነው። ተላላኪያችን ብቅ ብላ «አንድ አዛውንት ውጭ አሉ። ስለ የካቲት የምናገረው አለኝ ይላሉ» አለች። «ይጠብቁ» አልኩ።

ጠበቁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ኮሪደራችን ላይ የነበረችው ወንበር መደገፊያ አልነበራትም። እንግዳዬን ልሸኝ ስወጣ ካፖርታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ በላዩ አንድ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ብድግ አሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእንግዳዬ ነው። በጋዜጣ ያውቁታል። እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። እሱ ግን ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ደረጃውን ወረደ።

ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። አዲስ ካሴት አላስገባሁም። ልቆጥብ ብዬ ነው።

የታክሲ ሾፌር ነበሩ። በ1966 ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ፊያት ሰይቼንቶ ይነዱ ነበር። መኪናዋ የሰው ናት። በየቀኑ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባሉ፤ የተረፈው የእሳቸው ነው። በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ ሲንር እዚህም ቤንዚን ተጨመረ። ታሪፉ ግን ባለበት ቆመ። ለባለቤቱ የሚገባውም አልቀነሰም። «ታዲያ ጭማሪው ከየት ይምጣ ልጄ? ከልጆቼ ጉሮሮ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ከዚያ ደብተሩን ከፈቱ። ጠርዙ በዘይት እጅ ጠቁሯል። በእርሳስ አራት መስመር ተሰምሯል፤ ገቢ፣ ቤንዚን፣ ለባለቤት፣ ለቤት። ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው፤ ወረቀት ላለመጨረስ ነው መሰለኝ። ጣታቸውን ይዘው ወደታች ወረዱና አንድ ቦታ ቆሙ። ሰኞ፣ የካቲት 11። በአራቱም መስመር ላይ ቁጥር የለም። «ቆምን» ይላል። በማግሥቱም «ቆምን»። በማግሥቱም። ከሰኞ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ደግሞ ኅዳጉ ላይ «ስብሰባ» የሚል አለ። ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ተሰባስበው ማን የትኛውን ፌርማታ እንደሚጠብቅ ይመካከሩ ነበር።

«የትኛው ድርጅት ነው ያደራጃችሁ?» አልኳቸው።

«ድርጅት አልነበረም። ቤንዚን ጨመረ፤ ተነጋገርን፤ ቆምን።»

«ከተማሪዎቹ ጋር ግንኙነት ነበራችሁ?»

«ልጆቹማ ኋላ መጡ» አሉኝ።

ይቺ «ኋላ መጡ» የምትለው ቃል ነከሰችኝ። ከልጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ያ ጫማ ትዝ አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ካዳመጥኳቸው በኋላ ደብተሩን አጥፌ መለስኩላቸው። ፎቶኮፒ ቤት ከሕንፃችን ሥር ነበር። አላስነሣሁትም። «ከፈለግኩዎት አስጠራዎታለሁ» አልኩ። በምን አስጠራቸዋለሁ? ስማቸውን አልጻፍኩም። ነግረውኛል፤ በር ላይ ሲገቡ ሙሉ ስማቸውን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን እስክሪብቶ አላነሣሁም።

ከዚያ ተቀምጬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጽሑፉ ስምንት ገጽ ነበር። ለሾፌሮቹ የደረሳቸው አንድ መስመር ነው፤ እሱም የተዛባ። ቀጥሎም «ግብታዊ እንቅስቃሴ» የሚል ጨመርኩ። የዚያ ዘመን ሰዎች ቃሉን እናውቀዋለን። ያልተደራጀ፣ ያልታሰበበት፣ ድንገት የገነፈለ ለማለት ነው። ሁለት ሌሊት ማደያ አጠገብ ቆመው ፌርማታ የተከፋፈሉ ሰዎችን ነው ግብታዊ ያልኳቸው።

አሁን ቀኖቹን ደርድሯቸው። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ አመፁ። የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። ሊያረጋጋቸው የተላከውን ጄኔራል ይዘው የሚበሉትን አበሉት። በየካቲት መጀመሪያ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ። የካቲት 11 ታክሲ ነጂዎችና መምህራን በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። መምህራኑ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ እቅድ ጉዳይ አንገብግቧቸዋል፤ የድሃ ልጅ ከ4ኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው የሚል ፍርሃት በወላጁም ዘንድ ነበር። ተማሪው በዚህ መሀል አደባባዩን ሞላው። የካቲት 16 ንጉሡ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ይህንን ተከታትሎ ማን ማንን ደገፈ ይባላል? እኔ ግን «በመደገፍ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ናት። ሾፌሮቹን ከባለቤትነት ወደ አጃቢነት አወረደቻቸው።

እርግጥ ሰውየውም የራሳቸውን ወገን አስቀድመው ሊሆን ይችላል። መፈክሩም፣ ቋንቋውም፣ ጥያቄውን ከቤንዚን ወደ ሥርዓት ያሸጋገረውም ተማሪው ነው፤ ይህን ዛሬም እሟገታለሁ። ተማሪው በ1957 መሬት ለአራሹ ባይል ኖሮ የመሬት አዋጁ በየካቲት 25፣ 1967 በዚያ መልክ ባልመጣ። ግን ከተማሪው ጎን ለጎን የባሌ ገበሬ ዓመታት ተዋግቷል። የጎጃም ገበሬ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት አምፆ በአውሮፕላን ተደብድቧል። እነሱንስ ማን ጠየቃቸው?

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቡ። በኛ አገር «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ማለት «እኔ ነኝ መምራት የሚገባኝ» ማለት ነበር። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት ይመሥረት ሲል የትግሉ ባለቤት ነኝ ብሎ ነው። መኢሶን ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ»፣ ማለትም እየተቸ መደገፍን፣ ሲሰጥም ያው። ደርግ ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ አብዮቱ የኔ ነው አለ። በዚህ ክርክር ስንት ወጣት እንደረገፈ ቤታችሁ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ። የኔም የክፍል ጓደኞች አሉበት። አንዱ ከጎኔ ይቀመጥ የነበረ፣ ሒሳብ የሚያስኮርጀኝ ልጅ ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

እናንተን ሳይ የሚያሳስበኝ ችኮላችሁ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ፎቶ፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፤ «የንቅናቄው አባት እሱ ነው» ተብሎ አለቀ። ነገ ሌላው ሌላ አባት ያመጣል። ከዚያ ስድድብ። ለደወለችልኝ ልጅም መጀመሪያ የመለስኩላት ይህንኑ ነው። «የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው አትፈልጊ። ስም ተይው» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቆጨኝ። ስም ተይው የምላት እኔ ማን ነኝ? የመሪዎቹን ስም ከነአባታቸው ስምንት ገጽ ላይ ዘርዝሬ፣ የሾፌሩን የተውኩ ሰው ነኝ። ደግሞም የቸኮልኩት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም። እሷ ቢያንስ ደውላ ጠይቃለች። በ30 ዓመት ውስጥ ያንን ዓረፍተ ነገር የቀዱ ብዙ ናቸው። አንዳቸውም አልደወሉም።

መልሼ ደወልኩላት። «ያ ጽሑፍ የኔ ነው፤ ስህተት ነው፤ ብለሽ ጻፊው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሾፌሩን ማግኘት እንችላለን?» አለችኝ።

አላገኘኋቸውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፀፀቱ ሲብስብኝ ፒያሳና መርካቶ ያሉ የድሮ ሾፌሮችን እየዞርኩ ጠይቄያለሁ። «ረዘም ያሉ፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ያለ፣ ሰይቼንቶ ይነዱ የነበሩ» እያልኩ። አንዱ «እሳቸውማ ሞተዋል» አለኝ። ሌላው «እሱ ሰውዬ ሌላ ነው» አለኝ። ስም ሳይኖር ሰው አይፈለግም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አለኝ። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ታክሲ ይነዱ የነበረ ካለ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ከእድር ደረሰኝና ከድሮ ፎቶ ጋር የተቀመጠ ደብተር ካለ ግለጡት። ጠርዙ ጥቁር ነው። በእርሳስ አራት መስመር የተሰመረበት ነው። የካቲት 11 ላይ «ቆምን» የሚል ካገኛችሁ፣ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም ላኩልኝ።