መልስ፦ የሞት ቅጣት እንዲቀር እኛ ምን አቅም አለን?

እህቴ፣ ከደብረ ሲና ሆነሽ «ሕጉ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፤ የሞት ቅጣት እንዲቀር እኛ ምን አቅም አለን?» ብለሻል። አቅምማ አለን።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ፍርድ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ፈርደዋል። በ2003 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲቀየር፣ የሃይማኖት አባቶች ለምነው ነበር። ልመና ሰሚ አለው።

እኔ ብሆን የገዳይና የሟች ወገኖችን ከሚያስታርቁት ከደም አድርቅ ሽማግሌዎች እጀምራለሁ። ልጅ ሳለሁ መንዝ ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። የሟች እናት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ዝም አለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ተነስ» አለችው። ሐዘኗ አልቀለለም፤ ሌላ እናት እንድታለቅስ ግን አልፈለገችም።

እንዲህ ያሉ እናቶች እድርሽ ውስጥም አይጠፉም። መጀመሪያ እነሱን ስሚ። ሐዘናቸውን ሳትሰሚ ስለ ገዳይ ሕይወት አታውሪ፣ አደራ! ከዚያ ከሽማግሌዎቹና ከካህናቱ ጋር ሆናችሁ የምሕረት ማመልከቻ ጻፉ። እኔም መጥቼ እፈርማለሁ።