ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «ደሴ፣ ሆጤ ያለችውን የአባታችንን ጭቃ ቤት አፍርሼ ጂ+2 ልጀምር ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ካወጣሁ ለማፍረሱም ሌላ ፈቃድ ይጠይቁኛል?» ብለሃል። አዎ፣ ይጠይቁሃል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ማፍረስም እንደ መገንባቱ የሕንጻ ሹም (አዋጁን እንዲያስፈጽም ከተማው የሚሾመው ሰው) ፈቃድ ይፈልጋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ግን አዋጅ አንብቤ ሳይሆን የሐምሌ ዝናብ አስተምሮኝ ነው።

2011 ላይ ሸዋ በር ያለውን የእናቴን ቤት ልናፈርስ ተነሳን። ማመልከቻ አስገብተናል፤ ወረቀቱ ገና ነው። መሃል ላይ ቆርቆሮ ገዢ መጣ። «ቆርቆሮ ማንሳት ማፍረስ አይባልም» ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሠራተኛ አስገባሁ። ምሳ ሳንበላ ደንብ አስከባሪዎች ደረሱ። ማመልከቻዬን ባሳያቸው አንዱ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ ጥያቄው ነው፤ መልሱስ?» አለኝ። ሥራው ቆመ።

መሐንዲሱ ለዕይታ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ጭቃው ከነጭዱ እየተናደ ከታች ያሉት ጎረቤታችን እናት ግቢ ገባ። ደሴን ታውቃታለህ፤ የአንዱ መሠረት ከሌላው ጣሪያ እኩል ነው። እሳቸው አልከሰሱኝም፣ ቡና ጠሩኝ። በረካው ሳይደርስ ግን «ልጄ፣ የኔ ኩሽናና የእናትህ ጓዳ ግድግዳቸው አንድ መሆኑን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር! መሐንዲሱም ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ፈቃዱ ላይ «ከላይ ወደ ታች በእጅ ይፍረስ፣ የታችኛው የድንጋይ ረድፍ እንዳይነካ» ብሎ ጻፈበት። እኛ እኮ በዶማ ከሥር ልንጀምር ነበር።

አሁን ወደ አንተ። የይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ማመልከቻ፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ «የአባታችን» ያልካት ቃል ናት። ካርታው እስካሁን በአባታችሁ ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ ስም አዛውሩ፤ እህት ወንድሞችህም ይፈርሙ። አንዱ ውጭ አገር ካለ ውክልናውን ከዛሬ አስጀምር። ቤቱ ለብድር ተይዞ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ሳይስማማ አትነካውም።

የመብራት ቆጣሪውንና የውሃውን መስመር ቀድመህ አስነሳ። የኛ አናጢ ያልተቋረጠ ገመድ በፒንሳ ሊቆርጥ ሲል ነው እጁን የያዝኩት። ቤቱንም ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሳው፣ ለካው፤ ከፈረሰ በኋላ ስለ ስፋቱ ክርክር ቢነሳ የምታሳየው ሌላ ነገር የለህም። ፍርስራሹን የት እንደምትደፋም አስቀድመህ ጠይቅ፣ ቦርከና ዳር እንዳትወስደው።

ፒያሳ አካባቢ የጣልያን ጊዜ ግንብ ላላችሁ ደግሞ፦ በቅርስነት ከተመዘገበ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም። የአንተ ጭቃ ቤት እንኳ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ አብሽር።

ወረቀቱ እስከ ሰኔ ካልደረሰልህ መስከረምን ጠብቅ። ለመሆኑ ከታችህ ያለው ጎረቤት ማነው? ግድግዳችሁ አንድ መሆን አለመሆኑን አይተህ ንገረኝ።