«ያትዚን ሰምቼ ጌም ልግዛ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ፈገግ አልኩ። ቪዲዮ ጌም እየተረበ የሚገመግመውን የያትዚን ቪዲዮዎች ማየት ጀመርሽ። ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከዚያ ከወንድሞችሽ ጋር የምትጫወቺውን የድብድብ ጌም፣ «ሱፐር ስማሽ ብሮስ ብሮል»ን፣ ሲያብጠለጥለው ደረስሽና ሳቁ ቀረ። «ይሄ ሰውዬ ግን እውነት ጌም ይወዳል? ጌም ከመግዛቴ በፊት ልስማው ወይስ ለሳቅ ብቻ ልየው?» ነው ያልሽው። አንዳንዱ «ሄተር ነው፣ እርሺው» ይልሻል። አንዳንዱ ደግሞ እሱ ያለውን ሁሉ እንደ ሕግ ይቀበላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ሰውዬውን ለዓመታት ተከታትየዋለሁ። ስሚው ነው የምልሽ፤ ግን ፍርዱን ተዪና ስሞታውን ስሚ። ወደደው ወይስ ጠላው የሚለው ብዙም አይጠቅምሽም። ምኑን ነው የጠላው? ለኪስሽ የሚሆነው እሱ ነው።

ለማያውቁት አጭር ማስተዋወቂያ ልስጥ። ያትዚ የቤን ክሮሾ ቅጽል ስም ነው። ትውልዱ እንግሊዛዊ ነው። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጫነ፤ ወዲያው «ዘ ኤስኬፒስት» የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ወሰደው። «ዜሮ ፓንክቹዌሽን» እንዲህ ጀመረ። ቢጫ መደብ፣ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ የካርቱን ሰውዬ፣ ዙሪያውን የሚተራመሱ ትንንሽ ሰይጣን መሳይ ፍጥረታት፣ ከላይ ደግሞ አየር ሳይስብ የሚያወራ ድምፅ። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ አምስት ደቂቃ አካባቢ።

መጀመሪያ የሚያየው ሰው ቀልዱ ፍጥነቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ጊዜ ሁለቴ ነው የማየው፤ አንዴ ለሳቅ፣ አንዴ ለቁም ነገር። ስድቡን ከላዩ ላይ ስትገፊው ከሥሩ ሁልጊዜ ስለ ጌሙ አሠራር የተነገረ አንድ ጥርት ያለ ነገር ይቀራል። ከአሥር ስንት ሰጠው ብለሽ እንዳትፈልጊ። ነጥብ አይሰጥም። ለእኔ ይሄ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ነጥብ ቢኖር ሁላችንም ወደ መጨረሻው ዘለን ቁጥሯን አይተን እንወጣ ነበር።

«ባዮሾክ»ን ውሰጂ። በ2007 ሲወጣ ዓለም ሁሉ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ያትዚም ከባሕር በታች ያለችውን ከተማና ታሪኩን አልካደም። ስሞታው ሌላ ነበር። ሞት ዋጋ የለውም አለ። እውነት ነው፤ በዚያ ጌም ስትሞቺ ቅርብ ያለ ክፍል ውስጥ መልሶ ያስነሳሻል፣ ያቆሰልሽው ጠላት ደግሞ ከነቁስሉ ይጠብቅሻል። ትግስት ካለሽ የማይወድቅ ጠላት የለም። ፈተና የሚወድ ሰው ይሄን ሲሰማ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ ስሞት ኮንትሮለሩን መወርወር የሚያምረኝ ሰው ነኝ። ታሪኩ ሳይቋረጥ እንዲሄድልኝ ነው የምፈልገው። ስለዚህ የእሱ ስሞታ ለእኔ ማስታወቂያ ሆነ። ገዛሁት፣ ወደድኩት። ቪዲዮው አንድ ነው፤ አንዱን ያስገዛል፣ ሌላውን ያስተወዋል።

አሁን ወደ ቁስልሽ ልምጣ። «ብሮል» በ2008 «ዊ» ለተባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ማጫወቻ ሲወጣ ያትዚ የፈረደበት በቋሚ ሕጉ ነው። አንድ ጌም ለብቻ ሲጫወቱት ካልቆመ አልቆመም ባይ ነው። ኦንላይን፣ ከጓደኛ ጋር፣ አራት ሰው ሶፋ ላይ ተደርድሮ የሚባለው ነገር በእሱ ሚዛን ላይ አይወጣም። «ስማሽ» ደግሞ ግማሽ ነፍሱ ከጎንሽ የተቀመጠው ወንድምሽ ጩኸት ነው። ስለዚህ እሱ የገመገመው አንቺ የማትጫወቺውን ጌም ነው ማለት ይቻላል። ስለዚያኛው ጌም ያለው ነገር ደግሞ ያን ያህል ስህተት አይደለም፤ ለብቻ የሚጫወቱት ረጅሙ የታሪክ ክፍል እኔንም ሰልችቶኛል።

ሕጉ ትክክል ነው ወይ ካልሽኝ፣ አይመስለኝም። ለብዙ ሰው የተሠራን ነገር ለብቻ ሞክሮ መፍረድ ጌሙን መበደል ነው። ግን ሕጉን አልደበቀም፤ በግልጽ ተናግሮ ነው የፈረደው። ሚዛኑን የሚያሳይሽ ሰው ባትስማሚበትም ይጠቅምሻል። ያኔ ብዙ ደጋፊ ተናዶ ጽፎለት ነበር። እሱ ምን አደረገ? ከደብዳቤዎቹ እየመረጠ፣ ሰዋስዋቸውን ሳይቀር እየተረበ፣ መልስ የሚሰጥበት አንድ ሙሉ ቪዲዮ ሠራ። ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። በግሌ ከዋናው ሪቪው ይልቅ ያሳቀኝ እሱ ነው። ንዴትሽ በረድ ሲልልሽ እዪው።

እንዲህ ያሉ ዝንባሌዎቹን አንዴ ካወቅሽ ሥራው ይቀልልሻል። የጃፓን አርፒጂ (ገጸ ባሕሪን ቀስ በቀስ እያሳደጉ የሚጫወቱት ረጅም ጌም) ላይ ትግስት የለውም። እኔ ተራ እየጠበቁ መማታት፣ ለሰዓታት ሌቭል ማሳደግ ደስ ይለኛል፤ በዚያ ዘርፍ ሌላ ሰው ነው የምሰማው። ኒንቴንዶ ያንኑ ማሪዮና ዜልዳ እያሞቀ ያቀርባል ብሎ ያማርራል። ያንኑ ማሪዮ ለናፈቀ ሰው ይሄ የምሥራች ነው። ፊልም በሚመስል ትዕይንት መሃል ድንገት «ይሄን ቁልፍ ተጫን፣ አለዚያ ሞትክ» የሚሉ ጌሞችን ደግሞ አምርሮ ይጠላል። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። እሱ በዛ ካለ በዝቷል።

አስፈሪ ጌም ላይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አምነዋለሁ። መለኪያው «ሳይለንት ሂል 2» ነው። ከጨለማ ዘሎ «ባ!» የሚል ጭራቅ አያስደነቀውም፤ ቀስ ብሎ አእምሮ ውስጥ የሚገባውን ነው የሚፈልገው። እኔም የምፈልገው እሱን ስለሆነ በዚህ በኩል ተግባብተናል።

ጌም ይወዳል ወይ ላልሽው፣ አትጠራጠሪ። ታዋቂ ከመሆኑ በፊት ራሱ ጌም ይሠራ ነበር። በ2003 ያወጣው «5 ዴይስ ኤ ስትሬንጀር» የተባለ አስፈሪ አድቬንቸር በነፃ የተለቀቀ ነው። ተራቢነቱ ከውጭ ሆኖ እንደሚስቅ ሰው አይደለም፤ አንድ እንቆቅልሽ ለምን እንደማይሠራ ሲናገር የሠሪ ዓይን አለበት። ሲወድ ደግሞ ያስታውቃል። በ2007 «ፖርታል» ላይ የሚነቅፈው ነገር አጥቶ ተቸግሮ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ በ2005 ለገበያ ወጥቶ ገዢ ያጣውን «ሳይኮኖትስ»ን አንስቶ አሞገሰው። አዲስ ጌም አልነበረም፤ ማንም አላስገደደውም። ጌም የሚጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም።

በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣቸውን ዝርዝሮችም እዪ። አምስት ምርጥ፣ አምስት መጥፎ ይላል፤ በኋላ ደግሞ አምስት ደባሪ የሚል ጨመረበት። እኔ ይሄን ሦስተኛውን ነው የምወደው። እሱን የሚያንገሸግሸው መጥፎ ጌም ሳይሆን ለዛ ቢሱ ነው። በ2013 «ራይድ ቱ ሄል፦ ሪትሪቢዩሽን» የተባለው ጉድ ሲወጣ ከተራው የመጥፎዎች ዝርዝር አውጥቶ ለብቻው የውርደት ሽልማት ነበር የፈጠረለት። እሱን ሲያወራ ደስታው ይሰማሻል። ደረጃውን የጠበቀ፣ ጥይቱ የሚተኮስ፣ ካርታው ሰፊ፣ ግን ማንም በሳምንቱ የማያስታውሰው ጌም ሲያጋጥመው ነው ድምፁ የሚደክመው። እኔ ያንን ድካም ስሰማ አልገዛም። ሲጮህ ግን ይገዛ ይሆናል። ተረብ ሲበዛ ጌሙ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐሳቡን አይቀይርም የሚሉም አሉ። «ዳርክ ሶልስ» በ2011 ሲወጣ ብዙ ሳይገፋበት ነበር ያጣጣለው። በኋላ ተመልሶ ገባበት፣ ተያዘ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላውን ጌም ሁሉ በእሱ መለካት ጀመረ። ይሄን የምነግርሽ በሳምንት አንድ ቪዲዮ የሚያወጣ ሰው ረጅም ጌም ላይ ምን ያህል ሊቸኩል እንደሚችል እንድታውቂ ነው። ቀስ ብሎ የሚከፈት ጌም ከሆነ የመጀመሪያ ፍርዱን ግማሹን ብቻ እመኚ።

ተረብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2008 «ዘ ዊቸር»ን ሲገመግም የፒሲ ተጫዋቾችን ትዕቢት ለማሾፍ «የፒሲ ጌሚንግ የበላይ ዘር» የሚል ስም አወጣላቸው። ምን ሆነ? ፒሲ ተጫዋቾቹ ስድቡን አንስተው የኩራት መጠሪያ አደረጉት። ሳቁ ተወሰደ፣ ምፀቱ ተረሳ። ድሮ ያወጣቸው አንዳንድ ቀልዶች ዛሬ ሲሰሙ ይከብዳሉ፤ አፉን የማይሰበስብባቸው ጊዜያት ነበሩ። ወንድሞችሽ ልጆች ከሆኑ አብረሻቸው አትክፈቺው። ከእሱ በኋላ በፍጥነት መናገርና መሳደብን የኮረጁም ብዙ ናቸው። ስድቡን ስትገፊው ሥሩ ባዶ ነው። አትድከሚባቸው።

ቪዲዮዎቹ ለምን በሁለት ስም እንደሚገኙ ግራ እንዳይገባሽ፦ በኅዳር 2023 የ«ዘ ኤስኬፒስት» ዋና አዘጋጅ ሲባረር የቪዲዮ ቡድኑ አብሮት ለቀቀና «ሴከንድ ዊንድ» የሚባል የራሱን ቤት ከፈተ። የድሮው ስም ለኩባንያው ስለቀረ ያትዚ ያንኑ ሥራ «ፉሊ ራምብሎማቲክ» ብሎ ቀጠለ። ሰውዬው ያው ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ መጀመሪያ በደንብ የምታውቂውን ጌም ፈልጊ። የምትወጂውን ሳይሆን የምታውቂውን። ያኔ የትኛው ማጋነን፣ የትኛው እውነተኛ ስሞታ እንደሆነ ጆሮሽ ይለያል። ለሳቅ ከሆነ «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር»ን እዪ። በ2009 ጌሙ ገና ሳይወጣ፣ ይወጣል ተብሎም ተስፋ ሲቆረጥበት፣ የተጫወተው መስሎ ከአእምሮው ፈጥሮ ገመገመው። በ2011 ጌሙ የምር ሲወጣ ደግሞ እንደገና። ሁለቱን አከታትለሽ እያቸው።

አንድ ብቻ አደራ። ዝም ብሎ የወታደር ተኩስ ብቻ የሆኑ ጌሞችን ለዓመታት ሲያበሻቅጥ የኖረው ይሄው ሰው፣ የ2012 ምርጥ ብሎ የመረጠው የወታደር ተኩስ ጌም ነው፤ በአሸዋ የተዋጠች ዱባይ ውስጥ የሚካሄደውን «ስፔክ ኦፕስ፦ ዘ ላይን»። እኔ ርዕሱን ብቻ ሰምቼ ቪዲዮውን ዘጋሁና ጌሙን ጨርሼ ተመለስኩ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ታሪክ ያለው ጌም ላይ ሚስጥር የማውጣት አመል አለበት፣ የዚህ ጌም ሚስጥር ደግሞ አስቀድሞ ከተነገረሽ ገንዘብሽን ባታወጪ ይሻላል።